ጠርሙሱን ብቻ መሸፈን አይበቃም

ወይን ጠጅ ስሙ ተሸፍኖ ሲቀመስ እወዳለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ከማሳልፋቸው ምሽቶች ሁሉ የዚህን ያህል በጉጉት የምጠብቀው የለም። አንዳችን ጠርሙሶቹን በወረቀት ከረጢት ይጠቀልላል፣ ቁጥር ይጽፍባቸዋል፣ ይቀዳል። የቀሩት ምን እንደሚጠጡ ሳያውቁ ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይከራከራሉ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ይቀደዳል። ነገሩ ይኼው ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህን ምሽት እንደ ፈተና ያየዋል። "እኔ ስለ ወይን ምንም አላውቅም፣ መጥቼ ምን ልሠራ?" የሚል ጓደኛ ሁሌም አይጠፋም። መልሴ አንድ ነው፦ በተለይ አንተ ና። ለይሉኝታ ብዬ አይደለም። ምሽቱ የሚያምረው እንደሱ ያለ ሰው ያፈነውን ቃል አውጥቶ ሲናገር ስለሆነ ነው። እሱ እንዲናገር ደግሞ ጠርሙሱን መሸፈን ብቻ አይበቃም። ሌላም መሸፈን ያለበት ነገር አለ።

ስለዚህ ዓይነት ቅምሻ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የፓሪሱን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1976 ፓሪስ ውስጥ የወይን ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊው ስቲቨን ስፐሪየር ከባልደረባው ከፓትሪሺያ ጋላገር ጋር ሆኖ አንድ ቅምሻ አዘጋጀ። ቡርጎኝና ቦርዶ ከሚባሉት የፈረንሳይ አካባቢዎች የመጡ ታላላቅ ወይኖች ከአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ወይኖች ጋር ተቀላቅለው፣ ስማቸው ሳይታይ ቀረቡ። ነጥባቸው የተቆጠረው 9 ዳኞች በሙሉ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙያው ያሳለፉ ሰዎች። ከነጮቹ አንደኛ የወጣው የሻቶ ሞንቴሌና የ1973 ሻርዶኔ፣ ከቀዮቹ ደግሞ የስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ የ1973 ካቤርኔ ሶቪኞን ሆነ። ሁለቱም የካሊፎርኒያ ናቸው። በቦታው የተገኘው ጋዜጠኛ የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር ብቻ ስለነበር ወሬው በእሱ በኩል ለዓለም ተዳረሰ።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ውጤቱን ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቴበር እንደጻፈው ዳኞቹ እየቀመሱ ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። አንዱ ካሊፎርኒያ ካለው ከናፓ የመጣ ነጭ ወይን ተጎንጭቶ ወደ ፈረንሳይ ተመለስን ብሎ ተደሰተ። ሌላው የቡርጎኝን ወይን አሽትቶ ይህ የካሊፎርኒያ መሆኑ አያጠራጥርም፣ መዓዛ የለውም አለ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማል። እስቲ አስቡት፤ አጠገባችሁ ያለ ስመ ጥር ሰው አፉን ሞልቶ "መዓዛ የለውም" ካለ በኋላ እናንተ መዓዛ ለመፈለግ ምን ያህል ትደክማላችሁ? ጠርሙሱ በደንብ ተሸፍኗል። አፍ ግን ክፍት ነው።

ሌብል እንደሚያታልለን ማንም አይጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካዎቹ የካልቴክና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጥናት 20 ሰዎችን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ ወይን አቀመሳቸው። አንዱ ወይን አንዴ የ10 ዶላር ነው፣ ሌላ ጊዜ የ90 ዶላር ነው ተብሎ ቀረበ። ውድ ነው ሲባሉ ወደዱት። የሚገርመው ግን ማሽኑ ያሳየው ነገር ነው። ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍልም የበለጠ ሠራ። ሰዎቹ ለታይታ አልዋሹም። ውድ ነው የተባለው በእርግጥ ጣፈጣቸው።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ የቦርዶ ጥናትም አለ። የወይን አሠራር ለሚማሩ 54 ሰዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። አሽትተው የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር። ይህን ታሪክ ብዙዎች በባለሙያ ለመሳቅ ያነሱታል። እኔ አልስቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፣ አፍንጫም ብቻውን አያሸትም። ዓይን የነገረውን ይዞ ነው የሚሄደው። ጆሮ የነገረውንም እንዲሁ።

ጆሮ ላይ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን በቡድን ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ያደርግ ነበር። በየቡድኑ ከአንድ ሰው በቀር ሌሎቹ አስቀድመው ተመካክረዋል፤ ተራ በተራ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምንም ከማያውቁት ሰዎች መካከል መልሱን በዓይናቸው እያዩ፣ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቡድኑ ጋር አብረው ተሳሳቱ። ይህ እንግዲህ በመስመር ነው። መስመር እኮ ይለካል። ወይን ውስጥ ያለ የእንጆሪ ሽታ ማን ይለካዋል? ጓደኛህ "እንጆሪ" ካለ እንጆሪ ይሸትሃል። "እርጥብ አፈር" ካለ አፈር ይሸትሃል። ከዚያ በኋላ የራስህን ስሜት ፈልገህ አታገኘውም። ተሸፍኗላ።

ስለዚህ በእኛ ምሽት አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ከተቀዳ በኋላ ማንም አይናገርም። ፊትም አይገለጽም፤ "ኡፍ" ማለት፣ ቅንድብ ማንሳት፣ መሳቅ ክልክል ነው። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። አጻጻፉ እንደ ባለሙያ መሆን የለበትም። "የአያቴ ቁም ሳጥን" ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ይበቃል። የምንናገረው ሁሉም እስክሪብቶውን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ያኔም የሚጀምረው ስለ ወይን ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ሰው ነው። የሚያውቁት መጨረሻ ላይ ይናገራሉ። የጻፉትን ያነባሉ እንጂ አዲስ አይጨምሩም።

ሕጉ መጀመሪያ ላይ ሰው ያስቸግራል። ጓደኛሞች ተሰብስበው ዝም ሲሉ ደስ አይልም። ወይን ይዞ ዝም ማለት ደግሞ ይብሳል። ግን አንዴ ከተለመደ ያ ዝምታ የምሽቱ ምርጥ ክፍል ይሆናል። ሰው እውነት ሲያስብ ማየት እንዴት ደስ ይላል! አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ሌላዋ ጽፋ ትሰርዛለች። አንዱ ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ ተመልሶ ያነጻጽራል።

አንድ ምሽት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ብርጭቆ ነው። ወደ ጥቁር የሚያደላ ድፍን ቀይ፣ ጠርዙ ወይን ጠጅማ ሐምራዊ። ስለ ወይን ስትጠየቅ "ጥሩ ነው" ከማለት የማታልፍ አንዲት ጓደኛችን አለች። ተራዋ ደርሶ ወረቀቷን አነበበች። "ቁንዶ በርበሬ። አሁን የተፈጨ።" ቀና ብላ አየችን፤ እንዳንስቅባት ፈርታለች። ቀጥሎ የተቀመጠው ከመካከላችን ስለ ወይን ብዙ የሚያውቀው ነው። የእሱ ወረቀት ላይ ጥቁር እንጆሪ አለ፣ አበባ አለ፣ ጭስ አለ። ቁንዶ በርበሬ የለም። ብርጭቆውን አሽከረከረ። በመዳፉ ከድኖ ቆየና አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

"የለም" አለ።

"አለ እንጂ! አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እኮ ሊያስነጥሰኝ ነው" አለችው።

ወረቀቱ ሲቀደድ ወይኑ ሲራ ሆኖ ተገኘ። ሲራ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ በመሽተት የታወቀ ወይን ነው። ታዲያ አዋቂው እንዴት አጣው? እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሮተንዶን ይባላል። ቁንዶ በርበሬውም ውስጥ ያለው ወይኑም ውስጥ ያለው እሱ ራሱ ነው። አቅምሰው ካዩዋቸው ሰዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ግን መጠኑ በብዙ እጥፍ ቢጨመርም አልሸተታቸውም። ስልጠና አይደለም፣ ትኩረት ማጣትም አይደለም። ተፈጥሮ ነው። ጓደኛችን ከእነዚያ መካከል ሳይሆን አይቀርም። የቱንም ያህል ቢያነብ፣ የቱንም ያህል ቢቀምስ፣ እሷ ያለ ምንም ጥረት የምታገኘውን ነገር እሱ ላያገኘው ይችላል።

ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ "አንተ ቀድመህ ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ይህን አላነበውም ነበር" አለችው።

እሱም "ከእንግዲህ ሲራ ስንጠጣ አጠገቤ ተቀመጪና ንገሪኝ" አላት።

እኔ ከዚህ ምሽት የምፈልገው ይኼንን ነው። አዋቂው እንዲሸነፍ አይደለም። እውቀቱን እንደ ድሮው አከብራለሁ፤ ብዙ ነገር ያስተማረን እሱ ነው። ካቤርኔ ውስጥ የሚሸተው አረንጓዴ ቃሪያ ፒራዚን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንደሚመጣና ፍሬው በደንብ ሲበስል እንደሚቀንስ የነገረን እሱ ነው። ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን አርጅቶ ላምባ ላምባ ሲሸት ተበላሽቷል ብለን እንዳንደፋውም አስጠንቅቆናል። ግን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተለያዩ አፍንጫዎች ተቀምጠው በአንድ ሰው አፍንጫ ብቻ ማሽተት ምን ዓይነት ብክነት ነው!

አንዳንዴ ቀጂው ሳይነግረን አንዱን ወይን ሁለት ጊዜ ያስገባዋል። ሁለተኛ የተቀዳው አምስተኛ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ማስታወሻችን ሲነጻጸር ሁለት የተለያዩ ወይኖች የጠጣን ይመስላል። ባለሙያም ጋ ያለ ነገር ነው። ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ወይን አምራች የካሊፎርኒያ ግዛት ትርዒት የወይን ውድድር ላይ ለዳኞች ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን በተለያየ ቁጥር ሦስት ጊዜ እያቀረበ ፈተነ። ሦስቱንም ጊዜ በአንድ የሜዳልያ ደረጃ ውስጥ ማስቀመጥ የቻሉት ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ቅምሻ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ምላስ ከቀደመው ጉንጭ ጋር ያወዳድራል። ጣፋጭ ወይን ተከትሎ የመጣ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ወይን ኮምጣጣ ይመስላል። ቀዝቀዝ ያለ ቀይ ወይን መዓዛው ይደበቅና ድድ የሚያደርቀው ታኒኑ ጎልቶ ይወጣል። ያው ወይን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሞቅ ሲል ሌላ ነው።

ለጀማሪ ደግሞ ከሁሉ የምወደው የሦስት ብርጭቆው ጨዋታ ነው። ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ወይን፣ በሦስተኛው ሌላ። ልዩ የሆነው የትኛው ነው? በዘፈቀደ ብትመልስ የማግኘት ዕድልህ ከሦስት አንድ ነው። ስም አያስፈልገውም፣ የወይን ቃል አያስፈልገውም። ልዩነት ይሰማሃል ወይ? በቃ።

ማዘጋጀት ለሚፈልግ ጥቂት ነገር ልበል። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ50 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ለ15 ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ አትፍሩ፣ ለጥቂት ሰው ተርፎ ይቀራል። ከረጢቱ እስከ አንገት ይሁን። የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻው ቀጥ ያለ ነው፣ የቡርጎኝ ተንሸራታች፣ የሪዝሊንግ ቀጭንና ረጅም፤ ቅርጹን ያየ ሰው ግማሹን አወቀ። አፉ ላይ ያለው መሸፈኛ ይነሳ፣ ቡሹም ይደበቅ፤ ስም ይጻፍበታል። ነጭ ከቀይ ይቅደም፣ ቀላሉ ከከባዱ። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ሰው ለሁሉም ያበላሻል፤ ይህን በፍቅር አስቀድማችሁ ንገሩ። መትፊያ ዕቃ አስቀምጡ። መትፋት ነውር አይደለም፤ ስድስተኛውንም በንቁ አእምሮ መቅመስ የሚፈልግ ሰው ይተፋል። ውኃ ይኑር፣ ጨው የሌለው ዳቦም ይኑር።

ቀጂው ደግሞ ከመቅዳቱ በፊት እያንዳንዱን ጠርሙስ ያሽትት። በቡሽ የተበላሸ ወይን እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ቲሲኤ የሚባለው ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ቢሆን እንኳ መዓዛውን ያጠፋዋል። ስሙ በተሸፈነበት ሰዓት የተበላሸ ወይን ከቀረበ ሰዎች በራሳቸው ይፈርዳሉ። "እኔ ነኝ ያልገባኝ" ይላሉ። ይህ በእንግዳ ላይ የሚሠራ ግፍ ነው።

"ምንድን ነው?" የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አድርጉት። የወይኑን ዓይነትና አገር መገመት ደስ ይላል፤ ግን ቀድሞ ከመጣ ሌላውን ሁሉ ይበላዋል። ሰው መልስ ፍለጋ ይገባና ብርጭቆውን ይረሳል። ማስተር ሶመሊየር ለሚባለው የወይን አስተናጋጅ ባለሙያዎች ከፍተኛ ማዕረግ የሚፈተኑ ሰዎች 6 ወይኖችን በ25 ደቂቃ ውስጥ ተንትነው ምንነታቸውን መናገር አለባቸው። ዓመታት የሚለማመዱበት ከባድ ጥበብ ነው፤ አከብረዋለሁ። እነሱም ይስታሉ። የታወቀው እንግሊዛዊ የወይን ሰው ሃሪ ዋው ቦርዶን ከቡርጎኝ ለመጨረሻ ጊዜ ያምታታው መቼ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ከምሳ ወዲህ አላምታታሁም ብሎ መለሰ ይባላል። የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከዚህ ሌላ ብርጭቆ ትፈልጋለህ? አዎ ወይም አይ። ከዚያ ለምን።

ወረቀቱ ሲቀደድ የሚሰማው ጩኸት ሌላ ነው። "አላምንም!" የሚል አለ፣ ጭንቅላቱን የሚይዝ አለ። አንዳንድ ሰው ግን ከዚህ በኋላ ስሙን ይንቃል። "አየህ፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ስም ነው የሚሸጠው" ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። በሽፍን ቅምሻ ኃይለኛው ወይን ይጠቀማል። አልኮሉ የበዛ፣ መዓዛው የሚጮህ፣ ፈጥኖ የሚማርክ ወይን ከስድስት ብርጭቆ መካከል ጎልቶ ይታያል። ዝግ ያለው፣ በአንድ ጉንጭ የማይገለጠው ወይን ይቀጣል። እያንዳንዱ ወይን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጠው። ወይን ደግሞ ከምግብ ጋር ሲሆንና ጠርሙሱ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ሌላ ነገር ያወጣል። በዓመታት ውስጥም ይለወጣል።

የፓሪሱም ታሪክ በዕለቱ አላለቀም። ያኔ ብዙዎች የካሊፎርኒያ ቀዮች ወጣት ሳሉ ቢያምሩም ዕድሜ አይችሉም ብለው ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 እነዚያው ቀይ ወይኖች በለንደንና በናፓ እንደገና ተቀመሱ። አንደኛ የወጣው የሪጅ ሞንቴ ቤሎ የ1971 ወይን ነበር፤ እሱም የካሊፎርኒያ። የመጀመሪያው ቀን አሸናፊ ግን አንደኝነቱን አልደገመም፤ ሌላ ወይን ነው ከፊት የወጣው። ጊዜ ራሱ ገብቶ የሚፈርድበት መጠጥ ነው። ስለዚህ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ወይኑ ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደበቀለ ማወቅ ከንቱ ወሬ አይደለም። ሌብሉን ካየን በኋላ እንደገና የምንቀምሰውም ለዚህ ነው። አሁን ማውራት ይፈቀዳል። አሁን አዋቂው እስኪበቃው ያስረዳል፣ እኛም ጠጋ ብለን እንሰማለን። የራሳችን ቃል ወረቀት ላይ ስላለ የሚነጥቀን የለም።

ሌላም የማየው ነገር አለ። ነጥቡ ተደምሮ፣ ደረጃው ወጥቶ፣ ምግብ ቀርቦ ሁሉም የወደደውን እየቀዳ ሲያወራ የትኛው ጠርሙስ ቀድሞ ያልቃል? ብዙ ጊዜ አንደኛ የወጣው አይደለም። መሃል ላይ ያለው ነው፤ ማንም ያላመሰገነው፣ ማንም ያልነቀፈው፣ ከምግብ ጋር ግን ዝም ብሎ የሚወርደው። ይህንንም ከወረቀቶቹ ጎን እጽፈዋለሁ።

በሚቀጥለው ቀጂዋ የቁንዶ በርበሬዋ ጓደኛችን ናት። ሁለት ሲራ እንደምታመጣ ከወዲሁ ነግራናለች። በየትኛው ቁጥር እንደሚቀርቡ ብንለምናት፣ ብንለምናት አልነግርም ብላለች።